ልወጣ ስል ደረስሽ

በሩ ሲንኳኳ አክስቴ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ በሩ አይደለም፤ ወደ ሚስማሩ ነው። ከሚስማሩ ላይ ግራጫ ካፖርቷን ታወርዳለች። እጇን አስገብታ የላይኛውን ቁልፍ ብቻ ትቆልፍና ቡናማውን የእጅ ቦርሳ ክንዷ ላይ ታንጠለጥላለች። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ በጎኗ ሾልካ ትወጣለች፤ ከኋላዋም ወዲያው ትዘጋዋለች።

«ውይ፣ ልወጣ ስል ደረስሽ» ትላለች። «ነይ በቃ፣ እያወራን እንሂድ።»

ፀሐይ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ የመጣው ታናሽ ወንድሟ ቢሆን፣ የማታውቀው ሰው ቢሆን ያው ነው። እንግዳውን ይዛ እስከ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ድረስ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ አውቶቡስ የሚያመልጣት ይመስል ቶሎ ቶሎ ትስምና ትሰናበታለች። እንግዳው ከዓይኗ እስኪሰወር ትቆማለች፤ ከዚያ በጀርባ መንገድ ዞራ ቤቷ ትገባለች፤ ካፖርቷንም ወደ ሚስማሩ ትመልሳለች።

እኛ ቤት ስሟ «ሥራ የማይለቃት» ነበር። ወንድሟ ማለት አባቴ ነው፤ «እትዬን ለማግኘት ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል» እያለ ይቀልዳል፣ እኛም እንስቃለን። ስንት ጊዜ እንደሳቅን ሳስበው አንገቴን እደፋለሁ።

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ከጓደኛዋ ጋር በከፈቱት አንድ ክፍል የስፌት ቤት ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ጓደኛዋን ሁሉም ሰው «መርፌ» ይላታል፤ ቀጭን ስለሆነች አይደለም፣ ምላሷ ስለሚወጋ ነው። ሥራውን ተከፋፍለውት ነበር። አክስቴ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ደንበኛ ታነጋግራለች። መርፌ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ደንበኛ ሲገባ ደግሞ ዝም እንድትል ትለመናለች። አንድ ቀን አንዲት እመቤት ለመኝታ ቤቷ ደማቅ ቀይ ጨርቅ ስትመርጥ መርፌ ከመኪናው ላይ ቀና ሳትል፣ «ባልሽ በሬ ነው እንዴ?» አለቻት ይባላል። እመቤቲቱ ጨርቁን ትታ ሄደች። አክስቴ ቀኑን ሙሉ አላናገረቻትም፤ ማታ በሩን ሲዘጉ ግን ሁለቱም መንገድ ላይ ቆመው እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ።

መስኮት ለመለካት ሰው ቤት መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ አክስቴ የከተማውን ሳሎን ሁሉ ታውቀዋለች። ለስላሳ ሶፋ ላይ አስቀምጠዋታል፣ ሻይ ቀድተውላታል፣ ስለ ገበርና ስለ ሽንሽን እንደ ሐኪም ምክር ጠይቀዋታል። ከነዚያ ቤቶች ደጋግማ የምታነሳው የአንዲትን አሮጊት ቤት ነው። ሴትዮዋ የጀመሩትን ወሬ መሐል ላይ ይጥሉታል። ግን ልጃቸው ታነሳላቸዋለች። ስም ሲጠፋቸው ሠራተኛዋ ከጓዳ ትጠራላቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ካርታ ሊጫወቱ ይመጣሉ፤ ተራዎ ነው እያሉ ያስታውሷቸዋል። ከዓመታት በኋላ አክስቴ አዲስ መጋረጃ ልትለካ ስትመለስ ሴትዮዋን እንደዚያው አገኘቻቸው፤ አልባሰባቸውም። «መርሳታቸው እኮ አይታይም» ትል ነበር። «ቤቱ በሰው ሞልቷል። እሳቸው ሲጥሉ ሌላው ያነሳል።»

የአክስቴ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኩላሊቱን ታመመና የነበራቸው ነገር ሁሉ ሕክምናው ላይ አለቀ። እሱም አልዳነ። በረንዳ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቤታቸውም አብሮት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተሰፍቶ ያለቀ መጋረጃ በየሱቁ ተሰቀለ፤ መስኮት የሚያስለካ ሰው ጠፋ። የስፌት ቤቱን ዘጉት። መርፌ ልጇ ዘንድ ገባች። አክስቴ ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየች። ዕቃዋን ያጓጓዘችው ሁላችንም ሥራና ትምህርት ቤት በዋልንበት ቀን ነው፤ ማንንም አልጠራችም። «ለጊዜው ነው» አለችን። ውስጡን ያየ አልነበረም።

ሰው ቤት መሄዱንም በዚያው ተወች። ኋላ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው ቤት ተቀምጬ፣ ጠጥቼ ስነሳ፣ 'አንቺ ጋስ መቼ ነው?' ይሉኛል። ምን ልበል?» መጠየቁን ስለፈራች መጠራቱን ተወችው። ሲጠሯት «አይመቸኝም» አለች። ሦስተኛ አራተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው ብዙ አይደለም።

መርፌ ግን በቀላሉ አልለቀቀቻትም። ትመጣለች፣ ታንኳኳለች፤ አክስቴ ካፖርቷን ለብሳ ትወጣለች።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ሥራ አለብኝ።»

«በዚህ ዕድሜሽ ማን ቀጠረሽ? ሰውዬ ነው አይደል ውስጥ ያለው? ጥርስ ካለው አሳዪኝ፣ ከሌለው ይቅርብኝ።»

አክስቴ ትስቃለች። ትስቃለች እንጂ አትከፍትም። እንዲህ እየተባባሉ እስከ መድኃኒት ቤቱ ይሄዳሉ። በኋላ መርፌን ጉልበቷ አመማት፤ እስከ ጥጉ መሄዱ ራሱ ጭንቅ ሆነባት። አንድ ቀን በሩ ላይ እንደቆመች፣ «እንግዲህ ጉልበቴ የሚቆምልሽ እስከዚህ ነው» አለችና ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ቀኑ ረዘመ። የጎማ ቤቱ ሠራተኞች ጠዋት «እንደምን አደሩ እማማ» ይሏታል፤ «ይመስገን» ትላለች። እስኪመሽ ድረስ ከአፏ የወጣው ቃል ያ ብቻ የሆነበት ቀን ብዙ ነው። መጀመሪያ የጠፋት የዕቃ ስም ነበር። መቀስ «ያ የሚቆርጠው» ሆነ። ቀጥሎ የሰው ስም ጠፋት፤ እኔንም በእናቴ ስም ጠርታኝ ታውቃለች። ሲጠፋት ትቸኩላለች። «ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ፣ አሁን ረፍዶብኛል» ትላለች። ክፍሉን የሸፈነችበት ጥድፊያ መርሳቷንም ሸፈነላት። እኛም ሰው ሲቸኩል ነገር ይረሳል ብለን አለፍነው።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ቤት ተሳስታ በሯን አንኳኳች። አክስቴ ካፖርቷን ለበሰች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ ወጣች፣ በሩን ቆለፈች፤ «ልወጣ ስል ደረስሽ» አለች። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች። አክስቴ ካፖርት ለብሳ፣ ቁልፍ ይዛ ደጅ ላይ ቀረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሷ ነገረችኝ፦ «ለብሻለሁ። በሩም ተቆልፏል። እንግዲህ የምሄድበት አለኝ ማለት ነው ብዬ ሄድኩ።»

የሄደችው የድሮው ስፌት ቤት ነበር። ዛሬ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ገብታ ባለሱቁን ተቆጣችው። «ማን አስገባህ? መኪናዎቹን የት አደረሳችኋቸው?» አለችው። ሰውየው ጨዋ ነው። በርጩማ ሰጥቶ አስቀመጣት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ባገኘው ቁጥር አባቴ ጋ ደወለ። ልንወስዳት ስንደርስ ወደ ራሷ ተመልሳ ነበር፤ የት እንዳለች፣ ምን እንዳደረገች አውቃለች። መኪና ውስጥ ቀና አላለችም።

«ማሙሽ» አለችው አባቴን። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ለእሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነው። «ለማንም እንዳትናገር።»

«ለማን እናገራለሁ እትዬ።»

«ለሚስትህም።»

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ግፊቷን ለካች፣ ደም ቀዳች፣ ብዙ ጠየቀቻት። አክስቴ ያለችበትን ወር ሳተች፤ ዓመቱን ግን አገኘችው። ከዚያ ነርሷ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ቀን ከማን ጋር ነው የሚውሉት እማማ?» አለቻት።

«ኧረ ስንቱ! ሰው መች ይለየኛል።»

«ማን ማን ይመጣል?»

«ሁሉም ይመጣል።»

አባቴ እኔን አየኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ውሸት አልነበረም። ሁሉም መጥቶ ያውቃል፤ እስከ በሩ።

ነርሷ እኛን ለብቻ ጠርታ፣ ዕድሜ የራሱን መውሰዱ እንደማይቀር ነገረችን። «ግን ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው የሌለ ሰው ቶሎ ይደበዝዛል» አለች። «ኑሮ ሲያንስ ደግሞ ሰው ራሱን ይሸሽጋል፤ ብዙ አይቻለሁ። አብሯት የሚቀመጥ ሰው ፈልጉላት።»

አባቴ የዋህ ሰው ነው፣ ሲፈራ ግን ይከርራል። እዚያው በር ላይ፣ «እትዬ፣ ከሁለት አንዱን ምረጪ» አላት። «ወይ በየቀኑ ሰው እየገባ ይይሽ፣ ወይ ክፍሉን አስረክበን እኛ ጋ ትገቢያለሽ። እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ዛሬ ስልክ ቤት ተገኘሽ፣ ነገ የት እንደምትገኚ አላውቅም።»

«እናንተ ጋ የት?»

«ከልጆቹ ጋር ትተኛለሽ።»

«እኔ የራሴ ቁልፍ ያለኝ ሴት ነኝ» አለች፤ ቦርሳዋንም ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው።

በየቀኑ እንድሄድ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ሄድኩ፣ አንኳኳሁ። ካፖርቱ ወጣ። አብሬያት እስከ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። በማግስቱም እንደዚያው። «አስገቢኝ» የምትለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ፤ እንደ መስደብ ሆነብኝ። በዘዴ ሞከርኩ።

«አክስቴ፣ ውሃ ጠምቶኝ ነበር።»

«መንገድ ላይ እንገዛለን።»

«መጸዳጃ ቤት ብገባስ?»

«ጎማ ቤቱ አለ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው።»

አንድ ቀን ጥጉ ጋ ከመድረሳችን በፊት ቆመች። ፈገግ ብላ፣ «ወዴት ነበር የምንሄደው?» አለችኝ።

«ወደ መድኃኒት ቤቱ» አልኳት።

«አዎ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ» አለችና አመስገነችኝ። ምስጋናዋ ከምንም በላይ አሳፈረኝ።

ወሩ ተጋመሰ። መርፌን ልፈልግ ልጇ ቤት ሄድኩ። ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ከስታለች፤ ከዘራ ጉልበቷ ላይ አጋድማለች። ምላሷ ግን እንዳለ ነው።

«እኔ? እዚያ በር?» አለችኝ። «ስንት ክረምት ቆሜበታለሁ! ብበቅል ኖሮ ይሄኔ ጥላ በሆንኳት።»

ስለ ስልክ ቤቱ ነገርኳት። አክስቴ መኪናዎቹን እንደጠየቀች ነገርኳት።

«መኪናዎቹን ጠየቀች?»

«አዎ።»

«እኔንስ?»

«እርስዎንም» አልኩ። አልጠየቀችም ነበር። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። መርፌ አየችኝ፤ ከዚያ ከዘራዋን ተመርኩዛ ተነሳች።

አብረን ሄድን። አንኳኳሁ። በሩ ተከፈተ፣ ካፖርቱም ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። አክስቴ መርፌን አየቻት፣ ከዘራዋን አየች፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላም አስገባቻት። እኔም ከኋላ ገባሁ። በሩ ላይ ስለተባባሉት ኋላ እመለስበታለሁ።

ክፍሉ በፊት የቀለም መጋዘን ነበር፤ ሽታው አሁንም አልለቀቀም። አልጋው ጠርዙ በሜትር የተለካ ይመስል ተነጥፏል። አንድ ወንበር፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ሳጥን አለ። መስኮት የለውም። ከበሩ ትይዩ ግን ከጣሪያ እስከ ወለል የወይን ጠጅ ቀለም ያለው መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ባለ ገበር ነው፣ ሽንሽኑ እኩል እኩል የወረደ። ጫፉ ትንሽ ገለጥ ያለበት ቦታ ላይ ግድግዳውና የደረቀ የቀለም እንጥብጣቢ ይታያል። ዓይኔን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

አክስቴ ወንበሩን ለመርፌ ሰጠች፣ እኔን አልጋው ላይ አስቀመጠች፣ ራሷ ቆመች። «ወንበሮቹ ሊጠገኑ ሄደው ነው» አለች፤ አንገቷ ቀላ።

መርፌ ክፍሉን ዙሪያውን አየችው፤ እኔ ደግሞ ምን ልትል ነው ብዬ ትንፋሼን ይዣለሁ። በመጨረሻ በከዘራዋ ጫፍ የመጋረጃውን ታች ቀና አደረገችው።

«ይሄን ቅምቅማት ማን ሰፋው?»

«ደንበኛ ሳይወስደው የቀረ ነው» አለች አክስቴ።

«ጠማማ ነው።»

አክስቴ ጎንበስ ብላ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ቀና ብላ የመርፌን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች። «ጠማማነቱንማ ያኔም ነግሬሻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «መኪናውን እየነዳሽ ወሬ ስትሰልቂ።»

«ወሬውን የምታመጪው አንቺ! በየሳሎኑ እየዞርሽ።»

ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ አክስቴ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «እዚህ እንዴት ሰው ይገባል?» አለች።

«በእግሩ» አለች መርፌ። «ይሄን ነው የደበቅሽኝ? እኔ እኮ ሰውዬ ጠብቄ ነበር።» ከዘራዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ። «እኔ ልጄ ቤት የምተኛው የት ይመስልሻል? ሳሎን ነው። እንግዳ ከመጣ እስኪሄድ ኩሽና እቀመጣለሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን 'ነይ' ያላልኩሽ ለምን ይመስልሻል?»

አክስቴ እጇን ከፊቷ አወረደች፤ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከመርፌ ጉልበት አጠገብ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ መርፌ ትመጣለች። ጠማማውን ቅምቅማት አይታ ማለፍ ስላልቻለች መጋረጃውን አስወረደችው፤ ተርትረው በእጅ እንደገና ይሰፉታል። ሲሰፉ ይጨቃጨቃሉ። አክስቴ ቃል ሲጠፋት መርፌ ቶሎ አትነግራትም። «ፈልጊው፣ እኔ ሎሌሽ ነኝ?» ትላታለች፤ ትጠብቃታለች። አንዳንዴ ይገኛል። መቀስ ተመልሷል፣ ጠመኔ ተመልሷል። ሁሉም አልተመለሰም። ሻይ ውስጥ ጨው የጨመረችበት ቀን አለ፤ መርፌም እስከ ታች ጠጥታ «ዛሬ ስኳሩ በዝቷል» ብላታለች።

ነርሷ ዘንድ እንደገና ስንሄድ፣ ማን ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተደገመ። አክስቴ አሰበች። «አንድ ሰው ይመጣል» አለች። «እሷም ትሰድበኛለች።»

ነርሷ ሳቀች፤ አባቴ ግን አላመነም። በወሩ መጨረሻ ራሱ ሊያይ መጣ። በሩ ላይ ስንደርስ ከውስጥ የሁለት ሴቶች ጭቅጭቅ ይሰማል። አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ማሙሽ፣ ግባና በሩን ዝጋው፤ የጎማ ቤቱ አቧራ ጨርቁን ያበላሽብናል።»

ገባ። እሱም እንደኔ መጀመሪያ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠና መርፌ የሰጠችውን ክር መጠቅለል ጀመረ። ስለ ክፍሉ ማስረከብ ምንም አላነሳም። ሲወጣ እጇን ስሟት፣ «ነገም ብመጣ ትኖሪያለሽ?» አላት። «የት እሄዳለሁ» አለችው።

ስለ እሷ እየጻፍኩ እንደሆነ ስነግራት አልተቆጣችም። መርፌ ገና ያልመጣችበት ጠዋት ነበር። ምን ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «ጻፊው» አለች። «ክፍሉንም ጻፊ። ወንበሩ አንድ መሆኑንም፣ ስልክ ቤት ገብቼ ሰው መቆጣቴንም። ስንቱ እንደኔ ተደብቆ ይሆናል። አንዷን ነገር ብቻ ተዪልኝ።» ማንም ሳይኖር አጠገቤ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ቀንሳ ነው የነገረችኝ።

ልተወው ነበር። ግን እሱን ከተውኩት በሩ ለምን እንደተከፈተ ማንም አያውቅም። ያን ቀን መርፌን ያስገባቻት፣ «ይግቡ እመቤቴ፣ እግርዎን አሞዎታል መሰለኝ፣ ትንሽ አረፍ ብለው ይሂዱ» ብላ ነበር። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። መርፌም ቀልድ መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ገባች።

«ካፖርቱንም ረስቼዋለሁ፤ እሷንም አላወቅኋትም ነበር» አለችኝ አክስቴ። «የደከማት መንገደኛ መስላኝ ነው። ባውቃት ኖሮ አላስገባትም ነበር።»